ጉልህ ነው ተባልን

የዚያን ሰኞ ለእኔ «ለ» ደረሰኝ፣ ለኢክራም «ሀ»። «ሀ» የደረሰው ሰው ጠዋት ጠዋት ጎረቤቱን ሰላም ይላል። «ለ» የደረሰው ሰላም አይልም፣ ሲሉትም አይመልስም። ሳምንቱን ሙሉ። ኢክራም ይህን ስታውቅ ያቺን ሳምንት ሰርግ አደረገቻት። ከአሳንሰር ወጥታ ገና ስታየኝ፣ «ሶልያና! እንዴት አደርሽ? ወገብሽ ተሻለሽ? ልጆች ደወሉ? በርበሬው ደረቀልሽ?» እያለች ታወርደዋለች። እኔ የሚጠብቀኝ የእጄ አምባር መለሰች ብሎ እንዳይቀላ ጥርሴን ነክሼ በቅንድቤ ብቻ አወራታለሁ።

«እሰይ!» ትላለች። «ሶልያና አፏን ዘግታ አየሁ። አሁን ብሞትም አይቆጨኝ።»

የምንኖረው ኮምቦልቻ ነው፣ ቦርከና ዳር ከተሠሩት ረጃጅም ሕንፃዎች አንዱ ላይ። በየሰኞው ዕጣ ይወጣል። አንዱ ጨው ያለው ዳቦ ይደርሰዋል፣ አንዱ ጨው የሌለው። አንዱ በቀኝ ጎኑ ይተኛል፣ አንዱ በግራው። ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ «ምን ደረሰሽ?» ነው የሚባባለው። በእናቴ ጊዜ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ዕጣ ማለት የኮንዶሚኒየም ቤት ነበር፤ ዕድሜዋን ሙሉ ጠብቃ ሳይወጣላት ሞተች። ለእኔ በየሳምንቱ ይወጣልኛል፣ ያውም ሳልመዘገብ።

ቅዳሜ ቅዳሜ አሳንሰሩ ውስጥ ውጤት ይነገራል። ዕጣውን አውጥቶ የሚለካን የልኬት ቤት ድምፅ ነው፤ የሴት ድምፅ፣ ደስ የሚል፣ ሳል እንኳ የሌለበት። የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ወይ «ጉልህ ነው» ወይ «ጉልህ አይደለም»። ጉልህ አይደለም ከተባለ ነገሩ ይረሳል። ጉልህ ነው ከተባለ ሕግ ይሆናል። የደረጃው ቢጫ አምፖል ጉልህ ነው ተብሎ ተነቀለ። ሰማያዊ መጋረጃ ጉልህ ነው ተብሎ ከየቤቱ ተሰበሰበ። አምስተኛ ፎቅ አንድ ሳቂታ ሰውዬ ነበር፣ ሲስቅ ሆዱ የሚንቀጠቀጥ። ሳቁ ጉልህ ሆነና ወደ ሌላ ከተማ ወሰዱት። ሚስቱ «ለምን?» ብላ ጠየቀች። «ምክንያቱ አይታወቅም፤ ጉልህ ነው» አሏት። ልብሱን ሸክፋ ሰጠችው፣ እሱም ሄደ። እኛም በመስኮት አይተን ወደ ሥራችን ተመለስን። ልጅ ሲያስቸግር እናቱ «ጉልህ ያርግህ!» ብላ ነው የምትራገመው። ልጁም ቀጥ ይላል።

የእኔና የኢክራም ሥራ የሚሠራው ሕንፃው መግቢያ ላይ ነው፣ አግዳሚው ወንበር ላይ። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ከማን ጋር፣ ምን ለብሶ። የሕንፃው ሰብሳቢ ጋሽ ናታን፣ ለሰማንያ አንድ ፈሪ የሆነው ሰውዬ፣ ጸጉሩ ከሰል የመሰለው በምን ምክንያት እንደሆነ መርምረን የጨረስነው እኛ ነን። ታዲያ በዚያች ዝም ባልኩባት ሳምንት ቅዳሜ፣ አሳንሰር ሙሉ ሰው ሆነን ስንወርድ ድምፁ መጣ።

«ሕንፃ መግቢያ ላይ ተቀምጠው የሚያወሩ አሮጊቶች በነዋሪው እንቅልፍ ላይ የሚያደርሱት ጉዳት፣ ጉልህ ነው።»

አሳንሰሩ ውስጥ ያለው ሁሉ ዞሮ አየን። ሌላ አሮጊት የለማ።

ምን ልበላችሁ፣ መጀመሪያ ደረቴ ነው የተነፋው። አገሩን በሙሉ ለክተው፣ የስንቱን ሰው እንቅልፍ ቆጥረው የእኛን ወሬ ጉልህ ሲሉት! አራተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት አገር እንቅልፍ ስትነሳ ቀላል ነው? ገበያ ብወርድ ቲማቲም ሻጯ፣ «እማማ፣ እባክዎ እዚህ ጋ አይቁሙብኝ» አለችኝ። በኩራት አለፍኳት።

ረቡዕ ዕለት ትዕዛዙ መጣ። ሁለቱ አሮጊቶች ይለያዩ፣ አንዷ ትነሳ። ዕጣው ኢክራም ላይ ወጣ። ሚሌ ትሄዳለች፣ በሚቀጥለው ሐሙስ። አግዳሚውን ወንበር በላስቲክ ጠቅልለው አሰሩት፣ በሽተኛ ይመስል።

ኢክራም ለእኔ ምን እንደሆነች ልንገራችሁ። ባሌ የሞተ ጊዜ ሰው ሁሉ እየመጣ «እግዜር ያጥናሽ» ሲለኝ፣ እሷ አጠገቤ ፍራሹ ላይ ቁጭ አለችና በጆሮዬ፣ «ያቺን አየሻት፣ ደረቷን የምትደቃዋን? የማን ለቅሶ እንደሆነ አሁን እኔን ጠየቀችኝ» አለችኝ። ባሌን በቀበርኩ ቀን የሳቅኩት በእሷ ነው። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ። ልጆቼ እንደሆኑ አምባሬ ላይ ብልጭ ብለው «እማዬ ደህና ነሽ?» ይሉና ይጠፋሉ። እሷ ከሄደች ማን ቀረኝ?

ቤቷ ወጣሁ። ሻርፕ ታጥፋለች። ያንኑ ሻርፕ ታጥፋለች፣ ትፈታለች፣ ደግማ ታጥፋለች።

«የሚሌ ሙቀት ለወገብ ጥሩ ነው አሉ» አለችኝ፣ ሳታየኝ።

«አንቺን መቼ ወገብ አመመሽ? ወገብ የሚያመኝ እኔን ነው።»

«እንግዲህ እኔ ልሄድልሽ ነዋ።»

«ደግሞ እዚያ ማንን ታሚያለሽ? ሰው አታውቂ።»

«ሶሊ፣ ዝም በይ አሁን።»

ዝም አልኩ። ዕጣ ሳይደርሰኝ ዝም ያልኩት ያን ቀን ነው።

የሚገርማችሁ ጎረቤቱ ነው። «እነዚህ አሮጊቶች አስቸገሩን» ሲል የከረመው ሁሉ አንድ በአንድ እየመጣ በር ያንኳኳ ጀመር። የሰባተኛ ፎቋ ሴትዮ፣ «እናንተ ከተለያያችሁ የእኔ ልጅ ከማን ጋር እንደሚውል ማን ይነግረኛል?» ብላ አለቀሰች። «ሲነገርሽ እኮ ትቆጪ ነበር» አልኳት። «መቆጣቱን እቆጣለሁ፤ ግን ልስማዋ!» አለችኝ።

በማግስቱ ጋሽ ናታን ጠራን። ክፉ ሰው አይደለም፣ ብቻ ሰብሳቢ ነው።

«ሐሙስ ወይዘሮ ኢክራም ከመነሳታቸው በፊት ከልኬት ቤት አቤቱታ ሰሚ ትመጣለች» አለን። «የአዳራሹ ግድግዳ፣ ያው የአሳንሰሩ ድምፅ፣ አንድ ጥያቄ ይቀበላችኋል። ለሁለታችሁ አንድ፤ ከዚያ አበቃ። ደግሞ 'ለምን' ብላችሁ አታባክኑት። ሁሉም 'ለምን' እያለ ነው የሚያባክነው።»

ስንማከር ሰነበትን። ኢክራም ናት ያገኘችው። «ሁለታችንም አብረን ሚሌ ብንሄድስ?» ብለን እንጠይቅ አለች። እኔ ሙቀት አልወድም፣ ሚሌንም አላውቃት፣ ግን ልቤ ቅቤ ጠጣ። ጠያቂዋ ራሷ ኢክራም እንድትሆን ተስማማን፤ የእኔ አፍ አይታመንም።

ሐሙስ ጠዋት አዳራሽ ገባን። ሰሚዋ ዶክተር አስካለ ትባላለች። የዘንድሮ ወጣት ስሙ ሁሉ የድሮ ነው፤ አስካለ፣ ዘነበች፣ በላይነህ። ያረጀነው እኛ ሶልያናዎቹ ነን። ሠላሳ ቢሆናት ነው፣ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል፣ ቀለበት የላትም። ኢክራም በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ፤ እሷም አይታዋለች ማለት ነው።

«እማማ፣ አሠራራችንን ልንገራችሁ» አለች ዶክተሯ። ይህን ብዙ ጊዜ እንዳለችው ያስታውቃል። «እኛ ስንነሳ 'ምንም የለም' ብለን ነው። አሮጊቶቹ አወሩም አላወሩም የሰዉ እንቅልፍ ያው ነው እንላለን። ከዚያ እንለካለን። የተለካው ነገር 'ምንም የለም' ካልነው ጋር አልገጥም ካለ፣ በአጋጣሚ ብቻ መጣ ለማለት የሚከብድ ከሆነ፣ ያኔ ጉልህ ነው እንላለን።»

«ይገርማል» አልኩ። «እኛ ደግሞ 'አንድ ነገር ሳይኖር አይቀርም' ብለን ነው የምንነሳው።»

ኢክራም ቆነጠጠችኝ። «ጥያቄ እንዳትጠይቂ!»

«አልጠየቅኩም፣ ተገረምኩ።»

ጋሽ ናታን መቼም ሰብሳቢ ነውና ዝም አይልም። «ዶክተር፣ እኔ ምስክር ነኝ። ጉልህ ነው! አስራ አንደኛ ፎቅ ድረስ ይሰማኛል። በተለይ የወይዘሮ ኢክራም ወሬ ይብሳል።»

«የሷ!» አልኩ። እንዴት ልቻለው? «ወሬውን የማመጣው እኔ! ማን ከማን ጋር እንደሆነ የማጣራው እኔ! እሷ እኮ 'ውይ በሞትኩት' ከማለት በቀር አንድ ነገር አታዋጣም!»

«ቅናት ነው» አለች ኢክራም ለዶክተሯ። «ከልጅነቷ እንዲህ ናት። አይፍረዱባት።»

«ምን የምቀናበት አለና! ይብሳል ይብሳል ይላል እንዴ፤ ቆይ፣ በስንት ነው?»

ግድግዳው ብልጭ አለ። «ጥያቄዎ ተመዝግቧል» አለ ያ ሳል የሌለው ድምፅ።

ኢክራም ዞራ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ሶሊ» አለች ቀስ ብላ፣ «አብረን እንሂድ ልንል ነበር እኮ።»

በዚህች ምላሴ ስንቱን ቤት አምሻለሁ፤ የራሴን ቤት ግን እንዲህ አፍርሼ አላውቅም።

«በስንት» አለች ዶክተሯ ለራሷ። «ይሄን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም።» ከዚያ ቀና ብላ ግድግዳውን፣ «መልስ» አለችው።

«በአማካይ፣ ለአንድ ሰው፣ በአንድ ሌሊት፣ አራት ሰከንድ።»

«አራት ምን?» አልኩ።

«ሰከንድ» አለች ዶክተሯ።

«አራት ሰከንድ! ዕድሜ ልኬን አውርቼ! አንድ ማዛጋት እንኳ አያስጨርስም እኮ! ተሳስታችኋል፣ እንደገና ለኩኝ!»

ኢክራም መጀመሪያ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። ትስቃለች። ወንበር ተደግፋ፣ ሻርፗ ከራሷ ላይ ወርዶ፣ እንባዋ እየፈሰሰ ትስቃለች። «ወላሂ ሶሊ፣ ለካ ያንቺ ወሬ ሰው አያስነጥስም!»

«ያንቺም አለበት አራት ሰከንዱ ውስጥ!» አልኳት። «ብትካፈይው ሁለት ነው የሚደርስሽ!»

ጋሽ ናታን ግራ ገባው። «ግን ጉልህ ነው ተብሏል እኮ።»

«ጋሼ፣ ጉልህ ማለት ትልቅ ማለት አይደለም» አለች ዶክተሯ።

«እንዴት አይደለም ልጄ?» አልኳት። ከእንግዲህ የምፈራው ጥያቄ የለኝም። «ጉልህ ማለት ጎልቶ የወጣ ነው። ከሩቅ የሚታይ። ግንባር ላይ ያለ ጠባሳ ጉልህ ነው። አራት ሰከንድ ምኑ ጎላ?»

«በእኛ ሥራ ጉልህ ማለት በአጋጣሚ ብቻ የመጣ አይመስልም ማለት ነው። በቃ፣ ከዚያ ሌላ ትርጉም የለውም። ቃሉን ያወጡት እኛ ሳንወለድ ነው። ሕጉን የጻፉት ደግሞ ሌሎች ናቸው፤ እነሱም ቃሉን ሲያዩት እንደ እርስዎ ነው የገባቸው።»

ግድግዳው ላይ አንድ ጉብታ አወጣች። የባቲ ግመል ሻኛ ነው የሚመስለው።

«ወሬያችሁ ምንም ባያደርግ እንኳ» አለች፣ «ጥቂት ሰዎች ወስደን ብንለካ፣ እንደገና ሌሎች ወስደን ብንለካ፣ ውጤቱ በየጊዜው ትንሽ ወዲህ ትንሽ ወዲያ ይላል። ያን ሁሉ ውጤት ብንከምረው ይሄን ይመስላል። የምንለካው ሰው ጥቂት ከሆነ ሻኛው ሰፊ ነው። ብዙ ከሆነ እንዲህ ይቀጥናል።» ሻኛው ቀጥኖ ቀጥኖ ወስፌ አከለ።

«ገባኝ» አልኩ። «እንደ ጋሽ ናታን ጸጉር ነው።»

የጋሽ ናታን እጅ ወደ ራሱ ሄደ።

«ጠዋት አስር ሰው ይዤ ይቀባዋል ወይ ብል፣ ሰባቱ ይቀባዋል ይሉኛል። ከሰዓት ሌላ አስር ብጠይቅ አራቱ ብቻ። ነገ ደግሞ ዘጠኙ። ወሬው ይዋልላል። ኮምቦልቻን በሙሉ ብጠይቅ ግን አንድ ቦታ ይረጋል።»

«በትክክል» አለች ዶክተሯ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

«እናንተ ታዲያ አገሩን በሙሉ ስለጠየቃችሁ፣ አንዲት ጸጉር የምታህል ነገር ብትኖር ታገኟታላችሁ።»

«እናገኛታለን። አግኝተንም ጉልህ ናት እንላለን።»

«እኔ አልቀባም» አለ ጋሽ ናታን። የሰማው የለም።

ኢክራም ሳቋን ጨርሳ ሻርፗን አስተካከለች። «የአምስተኛ ፎቁ ሰውዬስ?» አለች። «የዚያ ሳቂታው? የሱ በስንት ነበር?»

ዶክተሯ ጣቶቿን ታይ ጀመር። ቆይታ ቆይታ ለግድግዳው፣ «አሮጊቶች ከጎረቤታቸው ሲነጠሉ የራሳቸው እንቅልፍ በስንት ይቀንሳል?» አለችው።

«በአንድ ሌሊት ሃያ ስድስት ደቂቃ።»

«ጉልህ ነው?»

«ጉልህ አይደለም።»

«እንዴ!» አለ ጋሽ ናታን ሳይቀር።

«የተለኩት አስራ ሁለት ሴቶች ብቻ ስለሆኑ ነው» አለች። ድምፅዋ ወርዷል። «ሻኛው ሰፊ ነው፣ ሃያ ስድስት ደቂቃ ውስጡ ይጠፋል። የለም ማለት አይደለም፣ ገና አላወቅንም ማለት ነው። ግን 'ጉልህ አይደለም' ሲለን የለም ብለን ነው የምናልፈው።»

አራት ሰከንዷ ሰው ታስነሳለች። ሃያ ስድስት ደቂቃው የለም ተብሎ ይታለፋል። ስንት ሰው ዕቃውን ጭኖ እንደሄደ እያሰብኩ ነበር፤ ዶክተሯም ይህንኑ ሳታስብ አልቀረችም፣ ፊቷ ያስታውቃል።

ተነሳች። «አይፈጸም» አለችው ግድግዳውን።

«ምክንያት?»

«ትንሽ ነው።»

ግድግዳው ቆየ። አሳንሰሩ ከላይ ሲወርድ፣ ሰው ሲያራግፍ፣ ተመልሶ ሲወጣ ይሰማኝ ነበር።

«'ትንሽ ነው' የሚል ምክንያት የለም።»

«እንግዲያው ጨምረው።»

ደግሞ ቆየ። ኢክራም እጄን ይዛለች፤ ቀለበቷ ጣቴን ወጋኝ፣ ዝም አልኳት።

«ተጨምሯል» አለ ድምፁ። «አይፈጸምም።»

ኢክራም ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። «አልሐምዱሊላህ» አለች፣ ደግማ ደጋግማ። እኔ ዶክተሯን አቅፌ ሳምኳት፤ ጉንጯን፣ ግንባሯን፣ እንደገና ጉንጯን። ከዚያ እልል አልኩ። ያን የሚያህል እልልታ ከሆዴ ይወጣል ብዬ አላስብም ነበር፤ አዳራሹ አስተጋባ።

«እማማ፣ ቀስ!» አለች እየሳቀች። «ላይ የሚተኛ ሰው ይኖራል።»

«ከአራት ሰከንድ አያልፍም፣ አይዞሽ!»

ወደ ኢክራም ቤት ስንወጣ በሩ ወለል ብሏል። ለካ እኛ አዳራሽ ሳለን የጭነት መኪናው መጥቶ አልጋዋን ወስዶታል። ባቲን አልፎ ወደ ሚሌ እየወረደ ነው። ጋሽ ናታን ሲደውል፣ ይመለሳል ግን ወረፋ አለው ተባለ።

«እኔ እዚህ፣ አልጋዬ በረሃ!» አለች ኢክራም ባዶ ክፍሉ መሃል ቆማ።

«እኔ ጋ ነዋ የምትተኚው።»

«እሺ፣ ግድግዳ ጋ እኔ ነኝ።»

«ግድግዳ ጋማ የኔ ነው፣ ስንት ዓመት የተኛሁበት!»

«እንግዳ ነኝ እኮ! ወግ አታውቂም?»

ግድግዳ ጋ እሷ ሆነች። ከምሳ በኋላ ጋደም አልን። ስለ ስምንተኛ ፎቆቹ ባልና ሚስት ጀመርኩላት፤ በአሳንሰር ለየብቻ መውጣት ከጀመሩ ሰንብተዋል፣ እሷ ወደ መስታወቱ ነው የምታየው፣ እሱ ወደ ቁልፉ። እዚህ ጋ ስደርስ «ውይ በሞትኩት» ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። ዝም። ዞር ብዬ ባይ እንቅልፍ ወስዷታል። ያንን ሁሉ ቀን ዓይኗን ሳትከድን ነው የከረመችው፣ ለእኔ ግን አልነገረችኝም።

ደግሞ ለካ ታንኮራፋለች። ማንኮራፋትም አይደል፣ የእህል ወፍጮ ነው፤ የአልጋው ብረት ይንጣጣል። ስንት ዓመት አውቄያት ይህን አላውቅም ነበር።

ወደ ማታ ወርደን ላስቲኩን ፈተን አግዳሚያችን ላይ ስንቀመጥ ሰው ከበበን። «እሺ እማማ፣ ምን አዲስ ወሬ አለ?» ይሉኛል። የማንኮራፋቷ ወሬ ምላሴ ጫፍ ላይ መጥታ ነበር። ዋጥኳት። እነሱ እስካሁን አያውቁም። እናንተ አሁን አወቃችሁ፤ እንግዲህ እሷ ጆሮ እንዳይደርስ።